«የላቦራቶሪውን በር ስከፍት የቤቴን የዘጋሁ ይመስለኛል»

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 36 ሲሆን በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። በተፈጥሮ ውጤቶች ኬሚስትሪ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ «አራት ዓመት ፈጀብኝ» ስል አፍራለሁ። ሥራዬ በባህል ሕክምና ከሚታወቅ የአንድ ተክል ሥር ውስጥ ያሉትን ውሁዶች ለይቶ ማውጣትና ምንነታቸውን ማወቅ ነው። የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ሌላ ከተማ ስለሚሠራ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሲመጣም ቤቱ ለእንግዳ እንደሚዘጋጅ ይዘጋጃል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ ኢንሱሊን የምትወጋው በሰው እጅ ነው። ሁለት ወንድሞቼ ውጭ አገር ሆነው በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ። ቀን ቀን እናቴንም ልጆቼንም የምትጠብቅልኝ፣ የቀኑንም መርፌ የምትወጋልኝ ከገጠር ያመጣኋት የ17 ዓመት ዘመዴ ናት። ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በነጻ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ነኝ። ላቦራቶሪ የምገባው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የላቦራቶሪውን በር ስከፍት የቤቴን የዘጋሁ ይመስለኛል፤ ቤት ስሆን ደግሞ ሐሳቤ ላቦራቶሪ ነው። «ማንን እያታለልኩ ነው?» እያልኩ እጨነቃለሁ፤ ምርምሩ ከልጆቼ ፍቅሬን እንዳይሰርቅባቸውም እፈራለሁ። አማቴ «ልጅ ያላት ሴት በሌሊት ምን ያዞራታል» ይላሉ። ትምህርቱን ልተወው? ወይስ አገልግሎቱን? የቤቴን ጉዳይስ ለአማካሪዬ መንገር ተገቢ ነው? 
ስሜ ይቆይ

ውድ እኅታችን፣

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴን ሳላቆይ ልስጥ፦ ትምህርቱን አይተዉት። ይህን የምለው የለፉበት ነገር መጣል ስለሌለበት አይደለም፤ ብዙ ሰው የለፋበትን ትቶ በሰላም ኖሯል። የምለው በረጅሙ ደብዳቤዎ ውስጥ ምርምሩን እንደጠሉት የሚያሳይ አንድም ቃል ስላላገኘሁ ነው። የመረሩዎት ሌሊቱ፣ ድካሙና የአማትዎ ንግግር ናቸው። ስለ ተክሉ ሥር በጻፉባቸው መስመሮች ግን የእጅ ጽሑፍዎ እንኳ ፈጠን ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባሉበት አኳኋን ይቀጥሉ ማለቴ ሳይሆን ሥራው ይቀጥል፣ አኳኋኑ ግን ይለወጥ ማለቴ ነው። እንዴት እንደሚለወጥ ለመናገር ከእርስዎ ጋር በብዙ ነገር የምትመሳሰል የአንዲት ኬሚስት ሕይወት ይጠቅመናልና አስቀድሜ እርሱን ላንሳ።

ዶሮቲ ክሮፉት፣ በኋላ በባሏ ስም ዶሮቲ ሆጅኪን ተብላ የታወቀችው፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በካይሮ ተወለደች። አባቷ በግብፅ፣ ከዚያም በሱዳን በትምህርት አስተዳደር ያገለገለ እንግሊዛዊ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ ሳለች ወላጆቿን ለመጠየቅ ወደ ጎረቤታችን ካርቱም በመጣች ጊዜ በዚያ ይሠራ የነበረ አንድ የአፈር ኬሚስት ማዕድናትን የምትመረምርበት ትንሽ የኬሚካል ሣጥን ሰጣት፤ ኬሚስትሪንም ያኔ ይዛ አልለቀቀችም። በኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ተምራ፣ በካምብሪጅ ከሳይንቲስቱ ጄ. ዲ. በርናል ጋር ሠርታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ሙያ ኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ነው፤ ኤክስሬይ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ የሚተዋቸውን ነጠብጣቦች ለክቶ፣ አስልቶ፣ አተሞቹ የትና እንዴት እንደተቀመጡ ማወቅ ነው። የፔኒሲሊንን መዋቅር በ1945፣ የቫይታሚን ቢ12ን በ1950ዎቹ አጋማሽ ፈታች፤ በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ብቻዋን ተቀበለች። ይህን ያህሉ በየመጽሐፉ የሚገኝ ስለሆነ አልቆይበትም።

የምቆየው በቤቷ ነው። በ1937 ቶማስ ሆጅኪንን አገባች፤ በ1938፣ በ1941 እና በ1946 ሦስት ልጆች ወለደች። ባሏ በጋብቻቸው የመጀመሪያ ስምንት ዓመታት ሥራው በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ ጎልማሶችን ማስተማር ስለነበር በሥራ ቀናት ከቤት ርቆ ይቆይና የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ የእርስዎን ቤት የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ሰሞን፣ ገና በ28 ዓመቷ፣ ከባድ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዛት፤ ሕመሙ እጆቿንና እግሮቿን እያጣመመ እስከ ሞቷ አብሯት ኖረ። የኤክስሬይ መሣሪያዋን ዋና ማብሪያ በተጣመሙ ጣቶቿ መጫን ቢያቅታት ረጅም እጀታ ተሠራላትና በእርሱ እየገፋች ማብራቷን ቀጠለች። ማብሪያውን መጫን አለመቻሏ ሥራውን አለመቻሏ ሆኖ አልተቆጠረም፤ የተለወጠው ማብሪያው ነው። እባክዎ ይህን ይያዙልኝ፤ በእርስዎም ቤት መለወጥ ያለባቸው ብዙ ማብሪያዎች አሉና።

ስለ እንዲህ ያሉ ሴቶች ሲጻፍ ዘወትር የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። ሁሉንም ብቻቸውን የቻሉ አድርገው ያቀርቧቸውና አንባቢዋ እኅት «እኔ ምን ሆኜ ነው ያቃተኝ?» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ዶሮቲ ብቻዋን አልቻለችውም፣ ብቻዋንም አልሞከረችውም። ቤቷ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈላቸው ረዳቶች ነበሩ። በወሊዷ ጊዜ ኮሌጇ ደመወዟን ከፍሏታል፤ ይህም በዚያን ዘመን ኦክስፎርድ ያልተለመደ ነገር ነበር። ኋላም እኅቷ ከነልጆቿ አብራት በአንድ ቤት ስለኖረች ሁለት እናቶች ያሉበት ትልቅ ቤት ሆነ። ባሏም በሙያዋ የሚኮራና ደስ እያለው የሚያግዝ ሰው ነበር። ዶሮቲ የተማረና አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ እንደነበረች መርሳት አይገባም፤ ይህ ሁሉ ድጋፍ ለሌላት ሴት የእርሷን ኑሮ መመዘኛ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው። እኔ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደተሸከመላት ስንጠይቅ የሰዎቹ ዝርዝር ረጅም ሆኖ እናገኘዋለን፣ እርሷም ዝርዝሩን አልደበቀችውም።

አሁን ወደ እርስዎ ዝርዝር ልምጣ። ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያስቆመኝ በሁለት መስመር ያለፉት ነገር ነው። ከገጠር ያመጧት የ17 ዓመት ዘመድዎ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሕፃናትና አንዲት ሕመምተኛ ትጠብቃለች፤ መርፌም ትወጋለች፤ እርስዎ ሌሊት ላቦራቶሪ ሲሆኑም ቤቱን ይዛ የምታድረው እርሷው መሆኗን እገምታለሁ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ደመወዟ፣ ስለ ዕረፍት ቀኗ የጻፉት የለም። ቅዳሜ ግን እርሷን ቤት ትተው በእርሷ ዕድሜ ያሉ ሴት ልጆችን በነጻ ሊያስተምሩ ይሄዳሉ። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ በአገራችን ስንትና ስንት የተማረች ሴት ዲግሪዋን የጨረሰችው እንዲህ ባለች ልጅ ትከሻ ላይ ሆና ነው፣ የምረቃ ፎቶግራፉ ላይ ግን ልጅቷ አትታይም። እርስዎ ያስጨነቀዎት «ማንን እያታለልኩ ነው?» የሚል ስሜት ከላቦራቶሪውና ከልጆችዎ ይልቅ ምናልባት ከዚህ የሚነሣ እንዳይሆን እፈራለሁ። ለቤተሰብና ለአገልግሎት የተሰጠ ሕይወት ለመኖር ከፈለጉ የመጀመሪያዋ ቤተሰብም የመጀመሪያዋ ተገልጋይም ይህች ልጅ ናት።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማስተካከልዎ በፊት ይህን ያድርጉ። የት ክፍል ላይ እንዳቋረጠች ይጠይቋትና በመጪው የምዝገባ ወቅት በማታ ትምህርት ቤት ያስመዝግቧት። ደመወዟን በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ያስገቡላት፤ «ዘመድ ናት» ማለት ደመወዝ አያስፈልጋትም ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያሳርፏት። የቅዳሜውን ክፍል ሌላውን ቢቀንሱ እንኳ አይተዉት፤ ነገር ግን ይህች ልጅ ከፊተኛው ወንበር ትቀመጥበት።

ስለ መርፌውም ቸል ማለት አይገባም። ኢንሱሊን በዩኒት የሚለካ፣ ትንሽ ስሕተት የማይሸከም መድኃኒት ነው። የጤና ባለሙያ ሳያሠለጥናት በዓይን አይታ የተማረች ከሆነ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮ እናትዎን ይዛ ትሂድና ነርሷ ፊት ራሷ ወግታ ታሳይ። ሲሪንጁ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው የዩኒት መጠን ጋር የሚገጥም መሆኑን ታረጋግጥ፤ እናትዎ ምግብ ካልበሉ ምን ማድረግ እንዳለባት ትጠይቅ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲታይ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና እናትዎ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ፈጥና ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ እንድትሰጥ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትጨምር ወደ ሕክምና እንድታደርስ በግልጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ለእርስዎም ይሠራል። ሌሊቱን ከሟሟ (ውሁዶችን ከሚያሟሟው ፈሳሽ) ጋር ሲታገሉ አድረው ማለዳ የእናትዎን መርፌ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን የሲሪንጅ መስመር ሲስት ያየ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አይመለከተውም።

ኢንሱሊን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ዶሮቲ ሆጅኪን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን ክሪስታል የኤክስሬይ ፎቶግራፍ ያነሣችው በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ገና የ20ዎቹ ዕድሜዋ ላይ ሳለች ነው። መዋቅሩ የተፈታው በ1969 ነው፤ በመካከሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ። በእነዚያ ዓመታት ሦስት ልጆች ተወለዱ፣ ዓለም ተዋጋ፣ ፔኒሲሊንና ቢ12 ተፈቱ፣ እጆቿ ተጣመሙ፤ ኢንሱሊን ግን እየተቀመጠና እየተነሣ ጠበቃት። መቼም እናትዎን በሕይወት ያቆየው የእርሷ ሥራ ነው አልልም፤ ኢንሱሊን ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው፣ መዋቅሩ ሳይታወቅ ብዙዎችን አድኗል። ነገር ግን ስድስት የኢንሱሊን ሞለኪዩሎች በሁለት የዚንክ አተሞች ዙሪያ እንዴት እንደሚሰባሰቡ መታየቱ፣ ቆይቶ ይህ ስብስብ ፈጥኖ እንዲፈታ ተደርገው የተሠሩ ፈጣን የኢንሱሊን ዓይነቶችን ለሠሩት ሰዎች መሠረት ሆኗል። እርስዎ «አራት ዓመት ፈጀብኝ» ብለው ሲያፍሩ አነበብኩ። በሙያዎ አራት ዓመት የሚያሳፍር ጊዜ አይደለም፤ በአገራችን ደግሞ ሟሟ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ የሞለኪዩልን መዋቅር ለማወቅ ለሚያግዘው መሣሪያ፣ ለኤንኤምአር፣ ተራ ሲጠበቅ የሚያልፈው ወር የእርስዎ ጥፋት ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

ከእርስዎ ሙያ ጋር ይበልጥ የምትቀርበው ግን ሕንዳዊቷ አሲማ ቻተርጂ ናት። እርሷም እንደ እርስዎ ከመድኃኒት ተክሎች ውሁዶችን ለይታ የምታወጣ የኦርጋኒክ ኬሚስት ነበረች፤ በ1944 ከካልካታ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች። ቪንካ ከተባለው ተክል የሚገኙትን አልካሎይድ የተባሉ ውሁዶች በማጥናትና ለሚጥል በሽታና ለወባ የሚሆኑ መድኃኒቶችን ከአገሯ ዕፅዋት በመፈለግ ትታወቃለች። አንዲት ሴት ልጅ አሳደገች። በ1967 አባቷንና ባሏን በተቀራራቢ ጊዜ አጥታ በሐዘን ተሰብራ ነበር፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰች፣ በ1975 የሕንድ ሳይንስ ኮንግረስ ጠቅላላ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ይህን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሳይንቲስት እርሷ ናት። ሰው ከምርምር ለጥቂት ወራት ወጥቶ ሊመለስ እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ስለ ሌሊቱ ሥራ ግን ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በሄክሳንና በኤቲል አሲቴት መካከል ሌሊት ብቻዎን መሥራትዎን ያቁሙ። እነዚህ ሟሟዎች ተቀጣጣይ መሆናቸውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሳት ቢነሣ ወይም ተንሸራትተው ቢወድቁ የሚደርስልዎ ሰው ከሌለ ልጆችዎ የሚያጡት የማታ ሰዓትዎን ብቻ አይሆንም። የላቦራቶሪ ጋውንዎን ይዘው ወደ ቤት አይግቡ፤ ለብቻው ይታጠብ።

የሥራዎን ባሕርይ ስመለከት ደግሞ ሁሉም በእርስዎ ፊት መከናወን ያለበት አይደለም። የተፈጨው ሥር በሜታኖል ተዘፍዝፎ ለሦስት ቀን ሲቀመጥ እርስዎ ቤት መሆን ይችላሉ፤ እያዩ የሚያነቃንቁት አጠገብ ያሉ የማስተርስ ተማሪ አይጠፉም። ኮለም (ውሁዶችን በዓምድ ውስጥ አሳልፎ መለየት) ግን ከተጀመረ ሊተዉት የማይገባ ሥራ ነውና የሚሠራው በቀን፣ አስቀድሞ በተያዘ ሙሉ ቀን ይሁን። ውሁዶቹ መለየታቸውን በስስ ሳህን ላይ የሚያሳየው የቲኤልሲ ፍተሻ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለች ክፍት ሰዓት ይሠራል። የኤንኤምአር ስፔክትረም (መሣሪያው የሚያወጣውን የምልክቶች ሥዕል) ማንበብ፣ የካርቦንና የሃይድሮጅን ምልክቶችን ማዛመድ፣ የጽሑፍ ሥራው ሁሉ ልጆች ከተኙ በኋላ በቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው። ሥራዎን በዚህ መልክ ቢለዩት ላቦራቶሪ መገኘት ያለብዎ በሳምንት ሁለት ሙሉ የቀን ክፍለ ጊዜዎች ይመስሉኛል። እነዚያን ሁለት ቀናት ማግኘት ነው የቤተሰቡ ጉዳይ።

ቀኖቹ ከየት ይመጣሉ? ከወንድሞችዎና ከባለቤትዎ። ወንድሞችዎ ገንዘብ መላካቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ወደሚል ዕረፍት ይለወጣል፣ እዚህ ያለችው እኅት ግን ገንዘብ የማይተካውን ሥራ ሁሉ ትወርሳለች። በስልክ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያግኟቸውና የሚላከው ገንዘብ ከመድኃኒትና ከአስቤዛ ባሻገር በሳምንት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ለእናታችሁ የሠለጠነች አስታማሚ ደመወዝ እንዲሸፍን ይጠይቁ። የቀን ሥራው ምን ምን እንደሆነ ከማለዳ እስከ ማታ በዝርዝር ይንገሯቸው፤ ሰዎች ያላዩትን ሸክም አይካፈሉም። ከመካከላቸው አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ የዕረፍቱን ወር እዚህ መጥቶ እናቱን እየጠበቀ እንዲያሳልፍ ቢጠየቅም ነውር የለበትም።

ባለቤትዎ በየሁለት ሳምንቱ ሲመጡ ቤቱ ለእንግዳ እንደሚዘጋጅ ይዘጋጃል ብለው ጽፈዋል። ይህ ይገልበጥ። እርሳቸው በመጡባቸው ሁለት ቀናት ልጆችም እናትዎም የእርሳቸው ኃላፊነት ይሁኑ፤ እርስዎ ከቅዳሜ ክፍልዎ በኋላ በብርሃን ላቦራቶሪ ይግቡ። የአማትዎን ንግግር በተመለከተ መልስ መስጠት የእርስዎ ድርሻ አይመስለኝም። ለእናታቸው የሚመልሱት ባለቤትዎ ናቸው፤ በክብር፣ በለሆሳስ፣ ግን ሁለተኛ እንዳይነሣ አድርገው። የአማትዎ ስጋት በከፊል እውነት እንዳለው ግን አይካዱ፤ በሌሊት መውጣትዎ በእርግጥም አደጋ አለው፤ ወደ ቀን ሲዛወር ንግግራቸውም ምክንያቱን ያጣል።

ስለ ልጆችዎ ያነሡት ፍርሃት የሁሉም እናት ፍርሃት ነው። ምርምር የእናትን ፍቅር እንደማይሰርቅ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ልጅ ከልጅ ይለያልና። የማውቀውን ልንገርዎ። የኖቤል ዜናው በ1964 ሲመጣ ዶሮቲ የነበረችው በጋና ነው፤ ባሏ በሌጎን የአፍሪካ ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ስለነበር በየዓመቱ ከእርሱ ጋር ለመሆን ትሄድ ነበር። የበኩር ልጇ በአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ ሴት ልጇ በዛምቢያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፣ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት በሕንድ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ግን ዜናውን «የቤት እመቤት ኖቤል አሸነፈች» በሚል ዓይነት ርእስ አወጣው፤ እናትነቷን ሊያከብር ነው እንዳልል ሌላ ሥራ የሌላት አስመሰላት። ሁለቱ ታላላቆች ሌሎችን ወደሚያገለግሉበት ሥራ መሄዳቸውን ሳይ በዚያ ቤት ሥራና አገልግሎት ከልጆች የሚደበቁ ነገሮች እንዳልነበሩ እገምታለሁ። የ7 ዓመት ልጅዎን አንድ ቀን ቢሮዎ ወስደው፣ ኬሚካል በሌለበት ጠረጴዛ ላይ የስፔክትረሙን ወረቀት አሳይተው «እናትሽ የምትፈልገው ይህን ነው» ማለት የሚጎዳ አይመስለኝም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ሁሉንም አይተዉ፤ ሁሉንም ግን አይያዙ። የዕድር ጸሐፊነቱን ማንኛውም መጻፍ የሚችል ጎረቤት ሊረከበው ይችላል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን በሥርዓት ያስረክቡ፣ በአባልነት ግን በሐዘኑም በደስታውም ይገኙ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልግሎት ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው እስከ መመረቂያዎ ፈቃድ ይውሰዱ፤ አንድ አባት እናቷን እያስታመመች ልጆች የምታሳድግን ሴት አገልግሎት አቋርጠሻል ብለው ይኮንናሉ ብዬ አላምንም። የቅዳሜውን ክፍል ይያዙ ያልኩት ያን ሥራ በአካባቢዎ ሊሠራው የሚችል ኬሚስት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው። አገልግሎት ደግሞ የራሱ ወራት አለው። ዶሮቲ በሰላም ጉዳይ የነበራት አቋም የቆየ ነው፤ በዚሁ ምክንያት በ1953 ወደ አሜሪካ ለሳይንስ ጉባኤ እንዳትገባ ቪዛ ተከልክላለች። ሳይንቲስቶች በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ላይ የሚመክሩበትን የፐግዎሽ ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት የመራችው ግን ከ1976 ጀምሮ ነው፤ ዕድሜዋ 66 ነበር፣ ልጆቿም አድገዋል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1970 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆና በዚያ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ድጋፍ እንዲደረግ ሠርታለች፤ የሆጅኪን ስም የያዘው የነጻ ትምህርት ዕድልና የተማሪዎች መኖሪያ ከዚያ የመጡ ናቸው። በ36 ዓመትዎ ያልሠሩት አገልግሎት ሁሉ የተረሳ አይደለም።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። አዎን፣ ለአማካሪዎ ይንገሩ፤ ነገር ግን ኮሪደር ላይ ቆመው፣ እንባ እየተናነቀዎት፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አይሁን። በአንድ ገጽ ይጻፉት። በመጀመሪያው አንቀጽ የቤትዎን ሁኔታ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ከዚያ በላይ ማንም ማወቅ የለበትም። ቀጥሎ እስካሁን የተለዩትን ውሁዶች፣ የቀሩትን ክፍልፋዮች፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ሟሟና የኤንኤምአር ናሙና ብዛት ይዘርዝሩ። ከዚያም የሚጠይቁትን በግልጽ ያስቀምጡ፦ በሳምንት ሁለት የቀን ክፍለ ጊዜዎች ቦታ እንዲያዝልዎ፣ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት የማስተማር ጭነትዎ እንዲቀነስ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ እንዲጽፉልዎ፣ የማራዘሚያ ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነም ጊዜው ሳያልፍ ማመልከቻው እንዲገባ። አማካሪዎ መልካም ሰው ከሆኑ ይህ ወረቀት ሥራቸውን ያቀልላቸዋል፤ መልካም ሰው ካልሆኑም የጠየቁት በጽሑፍ ተቀምጧል። ቀን ይጻፉበት፣ ያስፈርሙበት፣ አንድ ቅጂም በእጅዎ ያስቀሩ።